ጥቁሩን የጥርስ ሙሌት ሲያስወጡ የትኛው ማደንዘዣ ይሻላል?

ባለፈው ወር አክስቴ ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ፣ «ልጄ፣ እነዚህን ጥቁር የጥርስ ሙሌቶቼን ላስወጣቸው ወስኛለሁ። ሜርኩሪ ናቸው አሉ። የቸገረኝ ማደንዘዣው ነው። አንዱ መርፌ ይበቃሻል ይለኛል፤ ሌላዋ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ካልተኛሽ መርዙን ትውጪዋለሽ ትለኛለች። ጎረቤታችን ጭራሽ መርፌው ራሱ ሜርኩሪ አለበት ብላ አስፈራራችኝ» አሉኝ።

ሙያዬ ፋርማሲ ነው፤ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በፊት የራሴን ሁለት ጥቁር ሙሌቶች አስወጥቻለሁ፤ ስለዚህ ከመድኃኒቱም ከወንበሩም በኩል የማውቀው ነገር አለ። ለአክስቴ በስልክ ያልኳቸውን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌዋለሁ። የጎረቤታቸውን ስጋት ግን ከመነሻው ላስቀረው፦ በዛሬዎቹ የጥርስ ማደንዘዣ ካርትሪጆች (መድኃኒቱ ታሽጎ በሚመጣባቸው ትንንሽ ቱቦዎች) ውስጥ ሜርኩሪ የለም። ወሬው በአንዳንድ ክትባቶች ላይ እንዳይበላሹ ከሚጨመረው፣ ሜርኩሪ ካለበት ቲሜሮሳል ተዛምቶ የመጣ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ፣ መውጣት አለበት ወይ?

ጥቁር ወይም የብረት ሙሌት የምንለው አማልጋም ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው። ቀሪው ብር፣ ቲንና መዳብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2025 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ጀምሮ አማልጋም ለአዲስ ሙሌት እንዳይውል ከልክሏል፤ ስዊድንና ኖርዌይ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድመው ትተውታል። ይህ ዜና ሲሰማ ብዙ ሰው «እንግዲህ በአፌ ያለውን ነቅዬ ልጣል» ይላል። ክልከላው የሚናገረው ግን ስለ አዲስ ሙሌት ነው፤ አሮጌውን አውጡ አይልም።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2020 ባወጣው ምክር ነፍሰ ጡሮች፣ ለማርገዝ ያሰቡ፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፣ የነርቭ ሕመም ወይም የኩላሊት ድክመት ያለባቸው፣ እንዲሁም ለሜርኩሪ አለርጂ ያላቸው ሰዎች በተቻለ መጠን አማልጋም እንዳይደረግላቸው አሳስቧል። በዚያው ምክር ላይ፣ ደህና ሆኖ የተቀመጠ ሙሌት ያለ ሕክምና ምክንያት እንዳይነካ ተጽፏል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መሰርሰሪያው ሲነካው ሜርኩሪው ይተናል፣ ደህናው የጥርስ አካልም አብሮ ይቆረሳል። ሙሌቱ ከተሰበረ፣ ከሥሩ ያለው ጥርስ ከበሰበሰ፣ ጥርሱ ከተሰነጠቀ፣ ወይም አጠገቡ ያለው የጉንጭ ሥጋ በአለርጂ ከቆሰለ ይውጣ።

አክስቴን «አራቱንም ሐኪም ራጅ አንስቶ ይያቸው» አልኳቸው። ከአራቱ ሥሩ የበሰበሰው አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የላይኛው ግራ መንጋጋ ላይ ያለው። ወደ ማደንዘዣው ምርጫ የገባነው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለአንድ ጥርስና ለአራት ጥርስ የሚመረጠው አንድ አይደለምና።

ማደንዘዣው እዚህ ሥራ ላይ የሚያግዘው ምንድን ነው?

«መርዙን ትውጪዋለሽ» ያሉት ሰዎች አደጋውን በተሳሳተ በር ፈልገውታል። የተዋጠ የብረት ሜርኩሪ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ከቁጥር የማይገባ ነው። የተነፈሱት የሜርኩሪ ትነት ግን 80 በመቶ ያህሉ በሳንባ በኩል ወደ ደም ያልፋል። ስለዚህ ሙሌት ሲወጣ ዋናው ጥያቄ «በምን እየተነፈስኩ ነው?» የሚለው ነው።

ጥሩ ሐኪም ለዚህ ብሎ ሙሌቱን ዱቄት እስኪሆን አይፈጨውም፤ ከዳር ከዳሩ ቆርጦ በጉማጅ ጉማጁ ያወጣዋል። ውኃ በብዛት ይረጫል፣ ኃይለኛ መምጠጫ ከጥርሱ አጠገብ አይለይም፣ ጥርሱም ራበር ዳም በሚባለው ስስ የላስቲክ ሽፋን ከቀረው አፍ ይለያል። አንዳንዶች በአፍንጫ በኩል ኦክስጅን ወይም ንጹሕ አየር ይጨምራሉ።

ማደንዘዣው በሁለት መንገድ ይገባበታል። አንደኛ፣ ራበር ዳሙን የሚይዘው የብረት ቆንጣጭ ድድ ላይ ነው የሚነክሰው። ጥርሱ ራሱ ባያምም እንኳ ቆንጣጩ ያማል፤ ስለዚህ የጉንጭ በኩሉም የላንቃ ወይም የምላስ በኩሉም ድድ መደንዘዝ አለበት። ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሁለተኛ፣ የሚያመው ሰው በአፉ ያለከልካል፣ ይንቀሳቀሳል፣ «ቆይ ቆይ» ይላል። ሥራው ይረዝማል፤ እሱም የሚሸሸውን ትነት በትልቁ ይስበዋል። በደንብ የደነዘዘ ሰው በአፍንጫው በዝግታ ይተነፍሳል። ከዚህ በላይ ስለ ማደንዘዣና «መርዝ ማስወጣት» የሚነገረው አብዛኛው ወሬ ነው። አንዱ መርፌ ሜርኩሪን ያወጣል፣ ሌላው ደግሞ ያስቀራል የሚል ነገር ቢነግሩዎት አይስሙ።

መድኃኒቶቹ ጎን ለጎን

ሊዶካይን። በኢትዮጵያ ክሊኒኮች ወንበር ላይ ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚያገኙት ይሄው ነው። በ1943 በስዊድን ተሠርቶ እስከ ዛሬ ሌሎቹ የሚለኩበት ሆኖ ቆይቷል። ለጥርስ የሚሰጠው 2 በመቶው ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ አድሬናሊን ይደባለቅበታል፤ ሳጥኑ ላይ 1፡80,000 ወይም 1፡100,000 ተብሎ ተጽፎ ያዩታል፤ አንድ እጅ አድሬናሊን በ80,000 ወይም በ100,000 እጅ ፈሳሽ ማለት ነው። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ውስጥ ይይዛል። የጥርሱ ነርቭ ለአንድ ሰዓት ያህል ደንዝዞ ይቆያል፤ ከንፈርና ጉንጭ ግን ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ሊፈጅባቸው ይችላል። አንድ ወይም ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሙሌቶችን አውጥቶ በነጭ ሙሌት ለመተካት አንድ ሰዓት ይበቃል። ሌላ ምክንያት ከሌለ እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው። የሚያውቁት፣ በየቦታው የሚገኝ፣ ሐኪሙም እጁ የለመደው መድኃኒት ትንሽ ነገር አይደለም።

አርቲኬን። ጀርመን ውስጥ ከ1976 ጀምሮ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2000 ጀምሮ አለ። 4 በመቶ ነው፤ አጥንት ውስጥ ዘልቆ በመግባት ከሊዶካይን ይሻላል። ይህ በተለይ ለታችኛው መንጋጋ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ቶሎ ይይዛል፣ የጥርሱን ነርቭ ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ያቆያል። ሌላው ልዩነቱ የሚፈርስበት ቦታ ነው፤ ሊዶካይን በጉበት ሲፈርስ አርቲኬን አብዛኛው ገና ደም ውስጥ እያለ ይፈርሳል፤ በሰውነት ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። ጉበቱ የደከመ ሰው ወይም በአንድ ቀን ብዙ ጥርስ የሚያሠራ ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባል። «ሜርኩሪ አውጪ» ነን የሚሉ ክሊኒኮች አርቲኬንን የሚያሞግሱት ከዚህ ተነሥተው ነው፤ ሙገሳው መሠረት አለው፣ ግን ያጋንኑታል። ምክንያቱም 4 በመቶ ማለት በእያንዳንዱ ካርትሪጅ ውስጥ ያለው መድኃኒት ከሊዶካይኑ እጥፍ ነው ማለት ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ጤነኛ ሰው የአርቲኬን ጣሪያው አምስት ካርትሪጅ ገደማ ላይ ሲያልቅ፣ አድሬናሊን ያለበት ሊዶካይን እስከ አሥራ አንድ ይደርሳል። ለአንድ ሙሌት አንድ ወይም ሁለት ስለሚበቃ ይህ ለውጥ አያመጣም፤ «ሁሉንም በአንድ ቀን እንጨርስ» ለሚል ሰው ግን ያመጣል።

ሜፒቫኬን። 3 በመቶው አድሬናሊን የለበትም፤ ስለዚህ ልባቸው ለሚመታባቸውና አድሬናሊን ለማይስማማቸው ሰዎች የመጀመሪያው አማራጭ ነው። ዋጋው ደግሞ በጊዜ ይከፈላል፤ በላይኛው መንጋጋ ላይ የጥርሱን ነርቭ የሚያቆየው 20 ደቂቃ፣ በታችኛው መንጋጋ በሚሰጠው የነርቭ መርፌ (ወደ ታች እገልጸዋለሁ) ደግሞ 40 ደቂቃ ያህል ነው። አንድ አነስተኛ ሙሌት ለማውጣት ይበቃል። ለሁለትና ለሦስት ጥርስ ግን መሃል ላይ ሁለተኛ መርፌ መጨመሩ አይቀርም። መልካሙ ነገር፣ ከንፈርዎ በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት ይመለሳል።

ፕሪሎካይን አድሬናሊን የሌለበት ሌላ አማራጭ ነው፤ ነገር ግን በብዛት ከተሰጠ የደምን ኦክስጅን የመሸከም ችሎታ ሊያውክ ይችላል፣ ስለዚህ ደም ማነስ ያለበት ሰው ባይወስደው ይሻላል። ቡፒቫኬን ደግሞ ነርቩን ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት፣ ከንፈሩን እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ ያደነዝዛል። የመንጋጋ ቀዶ ጥገና ላይ ጥሩ ነው። ሙሌት ለማውጣት ግን ለምን? ቀኑን ሙሉ ምላሱን እየነከሰ የሚውል ሰው ማየት ካልፈለጉ በቀር።

አድሬናሊን ይኑር ወይስ አይኑር?

ከመድኃኒቱ ስም ይልቅ ብዙ ጊዜ ልዩነት የሚያመጣው ይሄ ነው። አድሬናሊን የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ማደንዘዣው ቦታው ላይ ይቆያል፣ ደም መፍሰሱ ይቀንሳል፣ መድኃኒቱም ወደ ሰውነት ቀስ ብሎ ይገባል።

የራሴን ላውጋችሁ። የመጀመሪያውን ሙሌቴን ሳስወጣ መርፌው ገብቶ ደቂቃ ሳይሞላ ልቤ ደረቴን ሊሰብር ደረሰ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። ሐኪሙ «ፍርሃት ነው» አለኝ። ፍርሃትም ነበረበት፤ ግን አድሬናሊኑ በፍጥነት ተገፍቶ ገብቶ ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሁሉም ጋብ አለ። ብዙ ሰው ከእንዲህ ያለ ቀን በኋላ «ማደንዘዣ አለርጂ አለብኝ» ብሎ ለዘላለም ይጽፋል። ለነዚህ መድኃኒቶች እውነተኛ አለርጂ ያለበት ሰው በጣም ጥቂት ነው። ለሁለተኛው ሙሌት ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ፤ ያው መድኃኒት ነበር፤ ግን ሐኪሟ መርፌውን ካስገባች በኋላ ደም ሥር ውስጥ እንዳልገባ ወደ ኋላ ስባ አየች፣ ካርትሪጁንም ሁለት ደቂቃ ያህል ወስዳ በዝግታ ገፋችው። ምንም አልተሰማኝም።

አድሬናሊን የሚያሳስባቸው ሰዎች እነማን ናቸው? የልብ ሕመም ያለባቸው በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ናቸው፤ ለነሱ በአንድ ቀጠሮ የሚፈቀደው በተለምዶ 0.04 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ይህም 1፡100,000 ከተጻፈበት ሁለት ካርትሪጅ፣ 1፡200,000 ከተጻፈበት አራት ካርትሪጅ ማለት ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ግፊቱ በቁጥጥር ሥር ከሆነ በጥቂቱ ሊወስድ ይችላል። ግፊቱ 180/110 የደረሰ ከሆነ ግን የመርፌውን ዓይነት መምረጡን ትተው ቀጠሮውን ያዛውሩ፤ ሙሌት ሊጠብቅ ይችላል። ፕሮፕራኖሎል የሚባለውን የልብና የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሳይናገሩ እንዳይቀመጡ፤ ከአድሬናሊን ጋር ተጋጭቶ ግፊቱን በድንገት ሊያንር ይችላል። አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን የድብርትና የነርቭ ሕመም መድኃኒት ለሚወስዱም ማስጠንቀቂያው ያው ነው።

ጫትም እዚህ ይገባል። በውስጡ ያለው ካቲኖን ልብንና ግፊትን የሚያነሣሣ ነገር ነው፤ አድሬናሊን ሲጨመርበት ደስ የማይል ጓደኝነት ይሆናል። ዋዜማውንና ቀኑን ይተዉት፤ ካልተዉም ለሐኪሙ ይንገሩ። የሚያፍሩበት ቦታ አይደለም።

አስም ያለባቸው ሰዎች ሌላ ጉዳይ አላቸው። አድሬናሊን ባለበት ካርትሪጅ ውስጥ እንዳይበላሽ የሚጨመር ሰልፋይት አለ፤ ሰልፋይት አስማቸውን የሚያስነሣባቸው ሰዎች አድሬናሊን የሌለበትን ይጠይቁ። «ኮትሪም አይስማማኝም» የሚሉ ደግሞ አይጨነቁ፤ ያ ሰልፋ የሚባለው የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው፣ ከሰልፋይት ጋር ስማቸው እንጂ ነገራቸው አይገናኝም። አርቲኬን ውስጥ ያለው ድኝም ከሰልፋ አለርጂ ጋር ግንኙነት የለውም።

የላይኛው ቀላል ነው፣ የታችኛው ግን…

የላይኛው መንጋጋ አጥንት ስፖንጅ ይመስላል፤ ከጥርሱ ሥር አጠገብ ትንሽ መርፌ ቢወጋ መድኃኒቱ ሰርጎ ይገባል። ከላይ ከተዘረዘሩት የትኛውም ይሠራል። ያስለቀሰኝ የላንቃው መርፌ ነበር፤ እሱም ቆንጣጩ ላንቃ በኩል ከነከሰ አይቀርም። በላዩ ላይ የሚያደነዝዝ ጄል ይቀባበት፣ በዝግታም ይሰጥ።

የታችኛው መንጋጋ አጥንት ድፍን ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ከኋላ በኩል፣ ነርቩ ወደ አጥንቱ ከሚገባበት በር አጠገብ ይወጋል። ይህ መርፌ በጥርስ ሕክምና ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚስት ነው፤ ከንፈርዎ ደንዝዞ ጥርሱ ግን የሚያም ከሆነ «ስህተቱ የኔ ነው» አይበሉ፣ እጅዎን ያንሡ። አርቲኬን እዚህ ላይ የሚመረጥበት ምክንያት፣ በነርቩ በር ላይ በሊዶካይን ከተወጋ በኋላ በጉንጭ በኩል ትንሽ አርቲኬን ቢጨመር ድፍኑን አጥንት አልፎ የቀረውን ስለሚያደነዝዝ ነው። በዚያው በነርቩ በር ላይ 4 በመቶ መድኃኒት መስጠት ግን ምላስንና ከንፈርን ለረጅም ጊዜ ከሚያደነዝዙ አልፎ አልፎ ከሚያጋጥሙ ጉዳቶች ጋር ስሙ ስለሚነሣ፣ ብዙ ሐኪሞች በሩን ለሊዶካይን፣ ጉንጩን ለአርቲኬን ይተዉታል። እኔም ይህን አካሄድ እደግፋለሁ።

ደግሞ የታችኛውን ግራና ቀኝ በአንድ ቀን አያስደንዝዙ። ምላስዎ በሁለቱም በኩል ጠፍቶ ምራቅዎን መቆጣጠር ያቅትዎታል። ብዙ ሙሌት ያለበት ሰው አፉን በአራት ከፍሎ በየተራ ቢያሠራ ይሻለዋል፤ ለሜርኩሪውም ለማደንዘዣውም መጠን።

ጋዝ፣ ኪኒን ወይስ ሙሉ እንቅልፍ?

አሳቂው ጋዝ፣ ማለትም ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ከ1844 ጀምሮ ከጥርስ ወንበር ጋር የሚታወቅ ነው። ብቻውን አያደነዝዝም፤ ፍርሃትን ያለሰልሳል እንጂ መርፌው አብሮት ይኖራል። ለዚህ ሥራ አንድ የማይጠበቅ ጥቅም አለው፤ የሚሰጠው በአፍንጫ ጭንብል ነው፣ ከኦክስጅን ጋር ተደባልቆ። ራበር ዳሙ አፉን ዘግቶ፣ ጭንብሉ ደግሞ በአፍንጫ ንጹሕ ጋዝ እየሰጠ ከሆነ፣ ሰውየው የክፍሉን አየር የሚስበው ትንሽ ነው። ጋዙ ሲዘጋም ጥቂት ደቂቃ ኦክስጅን ስበው ይነሣሉ። ጉንፋን ይዞት አፍንጫው የተዘጋ ሰው ግን አይጠቀምበትም፤ በአፉ እየተነፈሰ ጥቅሙን ያጣል። ናይትረስ ኦክሳይድ በሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ቢ12 ከሥራ ውጪ ስለሚያደርግ፣ የቢ12 እጥረት እንዳለባቸው የተነገራቸው ሰዎችም ይተዉት። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ለዓመታት ያልቀመሱ ሰዎች እዚህ ላይ ቆም ይበሉ፤ መርምረው ይወቁ።

ዋጋውና መገኘቱ ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሁሉም ክሊኒክ የለውም። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ኢንሹራንሳችሁ ይከፍል እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ወንበሩ ላይ ሆኖ መደራደር አይመችም።

በአፍ የሚወሰድ ማረጋጊያ፣ ለምሳሌ ዲያዜፓም፣ በጣም ለሚፈሩ ሰዎች ይረዳል። መኪና አይነዱም፣ አጃቢ ያስፈልጋል፣ ቀኑም ይባክናል። በደም ሥር የሚሰጥ ሚዳዞላም ጠለቅ ይላል፤ የሠለጠነ ባለሙያና የኦክስጅን መለኪያ በሌለበት ቦታ አይሞክሩት።

ሙሉ ማደንዘዣ፣ ማለትም ለአክስቴ «ሙሉ በሙሉ ካልተኛሽ» የተባለው፣ ለአንድ ሙሌት ከመጠን ያለፈ ነው። ራሱን የቻለ አደጋ አለው፣ ሆስፒታል ይጠይቃል፣ የተኛ ሰው ደግሞ ምራቁንና ስባሪውን በራሱ ሊጠብቅ አይችልም። ከሜርኩሪ አያድንም። የአእምሮ እክል ላለበት ሰው፣ መቀመጥ ለማይችል ትንሽ ልጅ ወይም በሌላ ምክንያት ቀዶ ጥገና ለተያዘለት ሰው ሊመረጥ ይችላል፤ ያለዚያ አይሆንም።

«መርፌ አልፈልግም፣ እችለዋለሁ» የሚሉም አሉ፤ አያቶቻችን ጥርሳቸውን በጉጠት ያስነቀሉ ናቸው ብለው። ጥርስ ማስነቀል የአንድ አፍታ ሕመም ነው። ሙሌት ማውጣት ግን ጥርሱ ላይ ደቂቃዎችን የሚፈጅ መሰርሰር፣ ድድ ላይም ቆንጣጭ ነው። ይቻላል፤ ትንፋሽዎ ግን አይረጋጋም፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይፈርሳል።

ነፍሰ ጡሮችና ልጆች

ነፍሰ ጡር ከሆኑ የማያምምዎትን ሙሌት አይንኩ፤ እስኪወልዱ ይቆይ። ሥሩ በስብሶ የግድ ካልሆነ በቀር ማለቴ ነው። የግድ ከሆነ ሊዶካይን ከአድሬናሊን ጋር ብዙ ልምድ ያለበት ምርጫ ነው፤ ጊዜውም ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ወር ያለው ይመቻል። ፌሊፕሬሲን ከሚባለው ማጥበቢያ ጋር የሚመጣውን ፕሪሎካይን ይራቁ። ልጆች ላይ መጠኑ በኪሎ ይሰላል፣ እንጂ «ትንሽ ስጡት» በሚል አይሆንም። ለልጅ ትልቁ ችግር ከክሊኒኩ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ነው፤ የደነዘዘ ከንፈሩን እንደ ማስቲካ ያኝከዋል። እስኪመለስለት ድረስ ዓይንዎን አይንቀሉበት።

ቁርስ፣ ጾምና ቡና

በመርፌ ብቻ ከሆነ በልተው ይሂዱ። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ የሚቆዩ ሰዎች ወንበሩ ላይ ራሳቸውን ሲስቱ «ማደንዘዣው ነው» ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ባዶ ሆድና ፍርሃት ነው። ከጾም ውጪ ባለ ቀን ወይም ከፈቱ በኋላ ቢቀጥሩ ይሻላል፤ ረመዳን ላይም እንዲሁ። በደም ሥር ወይም በሙሉ ማደንዘዣ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከምግብ ስድስት ሰዓት፣ ከንጹሕ ውኃ ሁለት ሰዓት ይጾማሉ።

ለሐኪሙ የሚጠይቁት ብዙ አይደለም። ሙሌቱን በራበር ዳም ነው የሚያወጡልኝ? ቆንጣጩ የሚይዘው ድድም ይደነዝዛል? መድኃኒቱ ማን ነው፣ አድሬናሊንስ አለው? ካርትሪጁን ያሳዩኝ? አይደብቅም፤ ስሙና ቀኑ ላዩ ላይ ተጽፏል። የላስቲክ አለርጂ ያለዎት ደግሞ ላቴክስ የሌለበት ሽፋን እንዲዘጋጅ ቀድመው ይንገሩ።

ከዚያ በኋላ እስኪመለስልዎት ድረስ ትኩስ አይጠጡ። የደነዘዘ ከንፈር የቡና ትኩሳት አይለይም፤ ወጥ ባለበት እንጀራ ላይ ምላሱን የነከሰ ሰው ደግሞ አውቃለሁ።

አክስቴ ፕሮፕራኖሎል ይወስዳሉ። ሥራው አንድ የላይኛው ጥርስ ነው። ስለዚህ ለሐኪማቸው «አድሬናሊን የሌለው ሜፒቫኬን ካላችሁ በሱ፤ ካለቀ ትጨምሩልኛላችሁ» እንዲሉ ነገርኳቸው። ጋዝም እንቅልፍም አላስፈለገም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ገቡ፣ መሃል ላይ አንዴ ተጨመረላቸው፣ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ወጡ። ስድስት ሰዓት ላይ ደወሉልኝ፤ «ሰ»ው ገና እየተንሸራተተባቸው ነበር። «ከንፈሬ ግማሹ መጥቷል» አሉኝ፤ «ቡናው ግን ተፈልቶ እየቀዘቀዘብኝ ነው፣ ስንት ደቂቃ ይቀረኛል?»